ሦስተኛዋ ቆርቆሮ

በዚያች መኪና የተነሣ ሦስት ሰዎች ተጣልተናል። መኪናዋ ግን የአንዳችንም አልነበረችም።

ነጭ ስቴሽን ዋገን ናት፤ ያኔም አሮጌ ነበረች። ከመሪው አጠገብ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ኤርኮንዲሽን ነበራት። በመተማና በአብደራፊ መካከል እንዲህ ያለ መኪና ሌላ አላየሁም። መጀመሪያ የአንድ የሰሊጥ ባለሀብት ነበረች። አዋጁ ሲወጣ እርሻውም፣ ትራክተሩም፣ መጋዘኑም፣ እሷም በአንድ ቀን የመንግሥት ሆኑ። ባለቤቱ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ። ሹፌሩ ቀረ። የጋራዡ ሰዎች ሲያሾፉበት «ከመኪናዋ ጋር የተወረሰው» ይሉት ነበር። እሱ አይስቅም፤ በሸሚዙ ጫፍ መስተዋቷን ይወለውላል።

እኔ በዚያው የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ሙያዬን ያገኘሁት ገዳሪፍ ነው። በጎረምሳነቴ ተሻግሬ በረዶ እየሠራ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። ኡስታ እንለው ነበር፤ በነሱ አነጋገር ባለሙያ ማለት ነው። ፍሪጅ መክፈት፣ ጋዝ መሙላት፣ ቧንቧውን በእጅ ዳስሶ የጎደለውን መለየት እሱ ነው ያስተማረኝ። የጋዝ መለኪያ እንኳ አልነበረውም። እጁ ነበር መለኪያው።

ታዲያ ያ ሙያ በኋላ ጠላት አበዛብኝ። መተማ ከሱዳን ተነሥተው በገቡት ተዋጊዎች ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ከተዘዋወረች ወዲህ ሱዳን ኖሮ የተመለሰ ሰው በደግ ዓይን አይታይም። ጎረቤት እንኳ ሰላም የሚለኝ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቋረጣል፤ ስወጣ ይቀጥላል። ለምጄው ነበር። ለምጄው ነበር ስል ግን አልጎዳኝም ማለቴ አይደለም።

የእርሻው ካድሬ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ቢሞላ ነው። ቆላውን ጠልቶት ነበር። ሙቀቱ አንገቱ ላይ ሽፍታ አውጥቶበት ቀኑን ሙሉ ሲያክ ይውላል። ቁጣውም ከዚያው ይመስለኛል፤ ማታ ማታ ትንሽ ይበርድለት ነበር። አንድ ሰኞ ሰሊጡ ታጭዶ በሚከመርበት ሰሞን ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ሥር ጎማ ስፈታ መጥቶ ቆመብኝ።

«አንተ ሱዳኔ።»

«አቤት ጓድ።»

«ያቺ ነጭ መኪና ለምን አትቀዘቅዝም?»

«ሳላያት አላውቅም። ጋዟ አልቆ ይሆናል።»

«ማን ጨረሰው?»

«ራሱ ነው የሚወጣ፣ ጓድ። ቀስ እያለ።»

«በዚህ እርሻ ራሱ የሚወጣ ነገር የለም። የሚያወጣ ሰው ነው ያለ።»

ከዚያ ነገሩን ነገረኝ። ሐሙስ ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣል፤ አዝመራውን ሊያይ። ገንዳ ውሃ፣ ያኔ ሸኸዲ የምንላት፣ ድረስ በሌላ መኪና መጥቶ ከዚያ ወዲህ በነጯ ነው የሚሄድ። ሰውዬው የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ሙቀት አይችልም። «ከቀዘቀዘች ቀዘቀዘች» አለኝ። «ካልቀዘቀዘች አሻጥር ነው። አሻጥር ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ከጋራዣችን አንድ የትራክተር ሠራተኛ ያለ ዘይት ሞተር አስነሥቶ አቃጠለ ተብሎ ጎንደር ተወስዷል። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ከርማ አንድ ቀን አታምጪ አሏት። ከዚያ በኋላ ማንም ስሙን አላነሣም። ሰኞ ዕለት ከፊቴ የቆመው ይኸው ነበር፤ መኪናዋ ትቀዘቅዛለች ወይም እኔ ጎንደር እወጣለሁ።

ወደ መኪናዋ ስሄድ ሹፌሩ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ጥርሱ ከፊት ሁለት የጎደለ።

«እጅህን አንሣ» አለኝ ገና ሳልነካት።

«አንቱ፣ ካልነካኋት እንዴት ልሥራት?»

«በዓይንህ ሥራ። ጌታዬ ይቺን ሲያሠራ ሰው ከካርቱም ያስመጣ ነበር። ያንተ ቢጤ የሎሚናዳ በረዶ ጠራቢ አያስነካትም።»

«በረዶውም ጥሩ ነበር» አልኩት።

«ባፍህ ቀልድ። እጅህ ግን ከጥፍርህ ሥር ግሪስ አለበት፤ ታጠብ።»

ታጠብኩ። ምን ልበላችሁ፣ ከካድሬው ይልቅ የሱ ጥላቻ ከበደኝ። ካድሬው ማንንም ነው የሚጠላ፤ ይኼ ሰውዬ ግን ለይቶ እኔን ነው።

መጀመሪያ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የኤርኮንዲሽኑን ማቀዝቀዣ አየሁት። የሰሊጥ ገለባና የዋልካ አቧራ ተጋግሮበት ግድግዳ መስሏል። በውሃና በብሩሽ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ጋዙ በየት እንደወጣ መፈለግ ነበረብኝ። ሳሙና ያኔ በራሽን ነው፤ አንድ ፍሬ ለሳምንት አይበቃም። ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ልብሳቸውን የሚያጥቡበት እንዶድ ይዘው ይመጡ ነበር። ከነሱ ጭብጥ ለምኜ ወቀጥኩና አረፋውን በየመገጣጠሚያው ቀባሁ፤ ቧንቧው ውስጥም በጎማ መንፊያ አየር ነፋሁ። አረፋው የትም አልተነሣም፤ ጋዙን በሚገፋው ኮምፕረሰር አንገት ላይ ብቻ፣ ዘንጉ የሚወጣበት ቦታ፣ ትንንሽ ዓይን እያወጣ ይፈላ ጀመር።

ቀና ስል ሹፌሩ ከላዬ ሆኖ ያያል።

«አንቱ፣ ይኼ ነገር ሳይሠራ ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ምን አገባህ።»

«የዘንጉ ጎማ ደርቋል። በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ካልዞረ ዘይት አያገኝም፤ ይደርቃል። ያኔ ጋዙን አይዝም።»

ወደ ካድሬው ቢሮ በኩል አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለዚያ ሰውዬ ብርድ አልሰጥም ብዬ ነው። የመጣ ዕለት ሞቷል አልኩት።»

«ሳይሞት?»

«ሳይሞት። ጌታዬ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጦ በጌታዬ ብርድ ሊዝናና? ላብ ይጠበው አልኩ።»

«አሁን እኮ የእውነት ሞቷል፣ አንቱ።»

ጥቁር ፊቱ አመድ መሰለ። ስለ ካድሬው አልነበረም፤ መኪናዋን ራሱ መግደሉን ስለሰማ ነው። ከዚያ ወዲያው መልሶ ጨከነ።

«ሂድ ንገረው እንግዲህ። ሮጠህ ንገረውና ዳን።»

አልነገርኩም። ደግ ስለሆንኩ ነው ብዬ አላሳምራችሁም። ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ «ሱዳኔው በሽማግሌው አላከከ» ነው የሚባል። ግማሹ ይኼ ነው። ግማሹን እኔም አላውቀውም።

ማክሰኞ ከትራክተር ላይ ያገኘሁትን የጎማ ቀለበት በልኩ ሞርጄ፣ ሌሊቱን በዘይት ነክሬ ባሳደርኩት የደረቀውን ቀየርኩት። ከተበላሸ ፍሪጅ የነቀልኳትን ኮምፕረሰር ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኝቼ አየሩን ከቧንቧው ሳስመጥጥ ዋልኩ። ሹፌሩ ከአጠገቤ አልጠፋም። አንዴ ውሃ አቀበለኝ። ወዲያው ጣሳውን መልሶ «ለሷ ብዬ ነው፤ ወድቀህ እንዳትቀር» አለኝ።

ረቡዕ ካድሬው ጋዙን ይዞ መጣ። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በአህያ ሲገባ የተያዘ የኮንትሮባንድ ዕቃ ውስጥ የተገኙ ሦስት ቆርቆሮዎች ናቸው። አንድ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛም አስከትሏል፤ ምስክር መሆኑ ነው።

ሞተሩን አስነሥተን የመጀመሪያዋን ቆርቆሮ አገናኘሁ። ቆርቆሮዋ በእጄ ውስጥ እየበረደች ሄዳ ላብ አወጣች። ጋዙ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስታወት አለች፤ በሷ ስታዩ ጋዙ ሲጎድል አረፋ ይሮጣል፤ ሲበቃው አረፋው ይጠፋል። ሁለተኛዋን ቆርቆሮ ጨምሬ ልጨርስ ስል አረፋው ጠፋ። አንዱን ቧንቧ ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዞ ውሃ ያንጠባጥባል። ሌላውን ዳሰስኩት፤ ሞቋል፣ ግን እጅ ይችለዋል። ኡስታ ቢኖር እዚህ ላይ እጁን ይጠርግ ነበር። ዘጋሁት።

«በቃ፣ ጓድ።»

«ሦስተኛዋስ?»

«አያስፈልጋትም። ሁለቱ ልኳ ናቸው።»

ካድሬው ወደ ዘበኛው ዞረ። «አየህ? አንዷ ገላባት ልትመለስ ነው።»

«እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ፣ ጓድ። እኔ አልያዝኳትም።»

«ሦስት ተወረሰ፤ ሦስት ባዶ ቆርቆሮ ነው የማስረክብ። ሙሉ ቆርቆሮ ማስረከብ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው። ጨምር።»

«ከልኩ ካለፈ አይቀዘቅዝም። ይሞቃል።»

«ምን አልከኝ?»

«ጋዙ ሲበዛ ይጨናነቃል። ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል።»

«ብርድ ሲበዛ ይሞቃል ነው የምትለኝ?»

ዘበኛው ሳቀ። ካድሬውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ይኼን ገዳሪፍ ነው ያስተማሩህ? በረዶ ሲበዛ እሳት ይሆናል ብለው? እስኪ ለዚህ ሰውዬ ንገረው» አለና ሹፌሩን አሳየኝ።

ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ ነበር።

ሦስተኛዋን አገናኘሁ። ምን ላድርግ? እምቢ ብል ሌባ ነኝ፤ እሺ ብል ነገ አሻጥረኛ። ነገ ከዛሬ ይሻላል ብዬ ነው መሰለኝ። ቆርቆሮዋ ባዶ ስትሆን እየነቀልኩ ከቧንቧው ያፈተለከው ጋዝ ሁለት ጣቶቼን መታኝ። በዚያ ሐሩር ውርጭ አቃጠለኝ። ጣቶቼ ነጭ ሆነው ደነዘዙ፤ እስከ ዛሬም ጫፋቸው ላይ መርፌ ብትወጉኝ አላውቅ። ካድሬው ቆርቆሮዋን ወስዶ ጆሮው አጠገብ ነቀነቃት፤ ባዶ መሆኗን ሲሰማ ለዘበኛው ሰጠው።

ቀኑ መሽቶ ሙቀቱ ሰበር ሲል ካድሬው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በዚያ ሰዓት፣ ቆማ፣ ትቀዘቅዝ ነበር። አንገቱን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ ዓይኑን ጨፈነ። «አየህ» አለኝ፣ «ለሕዝብ ንብረት ስትታመን ይሠራል።»

ሐሙስ ልወጣ ስል ሚስቴ አንድ ጥቅል ሰጠችኝ፤ ጋቢና ዳቦ ቆሎ ነው። በዚያ ወቅት በኛ አገር ጋቢ የሚለብስ የለም። «ጎንደር ይበርዳል» አለችኝ። ካድሬው ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ነገር ከተበላሸ እዚያው እንድገኝ። ጥቅሌን ጭኔ ላይ ይዤ ሸኸዲ ደረስን።

እንግዳው ወፍራም፣ ደከም ያለ፣ መሐረብ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ሰላም ሲለኝ እጁን ዘረጋልኝ፤ ከሰላምታው ይልቅ ካድሬው እንዴት እንዳየኝ ነው የማስታውሰው። እንግዳው ከፊት ገባ። ካድሬው ከኔ ጋር ኋላ፤ ሁለት ወታደሮች በጂፕ ከኋላችን። እኩለ ቀን ነው።

ለተወሰነ መንገድ ጥሩ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ለብ አለ። ከኮፈኑ ሥር ቺንጊያው ይጮህ ጀመር፤ እንደ ታሰረ ውሻ። የሞተሩ ሙቀት መርፌ ሲወጣ በሹፌሩ ትከሻ ላይ አየዋለሁ። ካድሬው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ጨረስክ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሥራህን ጨረስክ።»

ከነፋሱ ቀዳዳ የእሳት ወላፈን መጣ። እንግዳው ሸሚዙን ከፈተ፤ ትንፋሹ አጠረ። ሹፌሩ ሳይታዘዝ መኪናዋን ዳር አወጣትና አጠፋት። ግራና ቀኝ ሰሊጥ በየሂላው፣ ነዶው ቆሞ እንዲደርቅ፣ ተከምሯል፤ ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ያዩናል።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሹፌሩ ከጎኔ ቆመ። «አስጮህካት» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ውሃ ነበር።

የጋዙን መግቢያ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን አልኩት። ፉጨቱ ሲወጣና ነጭ ጭስ ሲተን አንዱ ወታደር ጠመንጃውን አቀባበለ። «ተው ፈንጂ ነው፤ ተው» ይላል። ካድሬው «ያዙት» አለ። እኔ እጄን አላነሣሁም፤ ባነሣ መኪናዋ ሳትሠራ ይወስዱኝና ያልቅልኝ ነበር።

«ተዉት» አለ እንግዳው ከመኪናው ውስጥ። «ይሥራ።»

ትንሽ አወጣሁ፤ ሹፌሩ አስነሣት፤ ቧንቧውን ዳሰስኩ፤ አሁንም ይፋጃል። ጠፋች፤ ደግሞ አወጣሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን፤ ያለ ንግግር፣ እጄን ሳነሣ እሱ ቁልፉን እያዞረ። በሦስተኛው ቺንጊያው ጩኸቱን ተወ። አንዱ ቧንቧ ላብ አወጣ። እንግዳው ፊቱን ወደ ነፋሱ አስጠግቶ ቆየና ወደኔ ዞረ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ጋዙ በዝቶ ነበር፣ ጓድ።»

«ማን አበዛው?»

«እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ልኩን አታውቅም?»

አውቃለሁ ብል ለምን ይለኛል፤ አላውቅም ብል ሙያዬን ክጄ እታሰራለሁ። እንግዳው ጭኔ ላይ የነበረውን፣ አሁን ወንበሩ ላይ የቀረውን ጥቅል አየ።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«ጋቢ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ለጎንደር ነው፣ ጓድ።»

ይኼን ጊዜ ሹፌሩ ተናገረ። ወደ ማንም አላየም፤ ኮፈኑን እየዘጋ ነው የተናገረው። «ሁለት ቆርቆሮ ይበቃታል ብሎ ነበር። ሦስተኛዋን ካልጨመርክ ሌባ ነህ አሉት። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

እንግዳው ወደ ካድሬው ዞሮ ረጋ ብሎ ጠየቀው። «ጓድ፣ እርስዎ መካኒክ ነዎት?»

የካድሬው አንገት ላይ ያለው ሽፍታ ደም መሰለ። እርሻው እስክንደርስ በዚያች በቀዘቀዘች መኪና ውስጥ አንገቱን ሲያክ ሄደ።

እንግዳው በማግስቱ ሄደ። እኔ ተረፍኩ። ጋቢውን ሚስቴ ሳጥን ውስጥ መለሰችው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ለኔ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ካድሬው ቢሮው ጠራኝ። አልተቆጣም፤ ወንበር ሰጠኝ። «ለመዝገብ ነው» አለኝ። «ጋዙ መጀመሪያ ለምን አለቀ? እንደ ባለሙያ አስረዳኝ፤ እኔ መካኒክ አይደለሁም።» ባለሙያ ብሎ የጠራኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለኝ መሰለኝ። ሳላስብ ነገርኩት፤ ጎማው መድረቁን፣ የሚደርቀው ደግሞ ብዙ ወራት ሳይሠራ ሲቀር መሆኑን። የሹፌሩን ስም አላነሣሁም። ጻፈው። አነበበልኝ። ፈረምኩ።

ሹፌሩን የወሰዱት ከሰዓት በኋላ ነው። በሕዝብ መሣሪያ ላይ ሆን ብሎ አሻጥር ሠርቷል፤ ማስረጃው የባለሙያ ቃል። ጎንደር እንኳ አላወጡትም፤ እዚያው ሸኸዲ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘጉበት። ወረቀቱን ከነፊርማዬ አንብበውለታል።

በሳምንቱ ምግብ አስቋጥሬ ሄድኩ። ዘበኛው ይዞ ገብቶ ሳይነካ መልሶ አመጣው።

«አልበላም አለ። ቺንጊያዋን ይቀይርላት ብሏል።»

ቺንጊያ በመላ እርሻው አልነበረም። ከቆመ የውሃ ፓምፕ ላይ ፈትቼ በልኳ አደረግኩላት። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሞተሯን አስነሥቼ ኤርኮንዲሽኑን ትንሽ አሠራው ነበር፤ ጎማው እንዳይደርቅ። ካድሬው ያየኛል፤ ምንም አይለኝም። እኔም ውስጧ አልቀመጥም፤ በሩን ከፍቼ ውጭ እቆማለሁ፤ ብርዱ ወደ ሜዳው ይሄዳል። ሁልጊዜ ሳደርገው ለሽማግሌው እንዴት ብዬ እንደማስረዳው በልቤ አዘጋጅ ነበር፤ ስሙን እንዳላነሣሁ፣ እንደተታለልኩ።

ከአራት ወር በኋላ ፈቱት። እኔ ራኩባው ሥር ተቀምጬ ነበር። ከስቷል፤ በእግሩ ነው የመጣው። ቀጥ ብሎ መኪናዋ ዘንድ ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቺንጊያዋን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና አያት። ገብቶ ሞተሯን አስነሣ፤ ነፋሱን ከፈተ፤ እጁን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ቆየ።

ከፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ረሳሁት። «አንቱ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት» ነው ያልኩት።

ዓይኑ በመስኮቱ በኩል አለፈኝ እንጂ አላየኝም። መስኮቱን ዘጋና መኪናዋን ወደ ኋላ አወጣት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ ኖርን፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔም በመጣ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣለት ነበር።